በኬቤክ አገር በ1990 ዓ.ም. ስለ ወረደው የበረድ ዝናምና ስለ ጠፋው እሳት

በ1990 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ማርቆስ፥ ታኅሣሥ 27 ቀን ሰኞ፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ዓመት መባቻ፥ በሰሜን አሜሪካ በካናዳ መንግሥት ግዛት በቅዱስ ሎረንስ ወንዝ ሸለቆ ዝናም ይዘንም ጀመር። የአገሩ ሰው ክረምቱን ሁሉ ከአመዳይና ከውርጭ ጋር ታግሎ የሚኖር ነውና እንዲህ ያለውን ቀጭን ዝናም አይቶ የሚደነግጥ አልነበረም። ነገር ግን ያ ዝናም በነካው ሁሉ ላይ ወዲያው እየረጋ፥ ዛፉን ሽቦውን ጣራውን እንደ ብርጭቆ እየለበጠ፥ ጥቂት እያባራ ደግሞም እየተመለሰ እስከ ጥር 2 ቀን ቅዳሜ ድረስ ወረደ። በዚያም ሳምንት በኬቤክ አገር ከሚኖረው ሕዝብ እኩሌታው ያህል፥ ይኸውም ሦስት ሚሊዮን የሚሆን ሰው፥ መብራት አጣ። በዚያ አገር በክረምት እኩሌታ መብራት ማጣት ማለት እሳት ማጣት ማለት ነበር፤ እንዴት እንደ ሆነም ወደ ታች ይነገራል።

አስቀድሞ የዝናሙን ጠባይ መናገር ይገባል። በግእዝ በረድ፥ አስሐትያ፥ ሐመዳ የሚባሉ ስሞች አሉ፤ በአማርኛም በረዶ፥ ውርጭ፥ አመዳይ ይባላል። በረዶ ከሰማይ ደንድኖ የሚወርድ ጠጠር ነው፤ አመዳይ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየበነነ የሚወርድ ነው፤ ውርጭ ደግሞ ሌሊት በሣር ላይ የሚያድር ነው። ይህ ግን ሲወርድ ውሃ፥ ሲያርፍ በረዶ ስለ ሆነ ከሦስቱ ለአንዱም ስም አይመችም፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የበረድ ዝናም ተብሏል። የሚሆንበት ምክንያትም ይህ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚመጣው እርጥብና ሞቃት አየር ቀላል ነውና ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ግን ከባድ ነውና በሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ከደመናው የወረደው አመዳይ በሞቃቱ አየር ሲያልፍ ቀልጦ ዝናም ይሆናል፤ ከምድር አጠገብ ባለው በቀዝቃዛው አየር ሲያልፍ ደግሞ ውሃ ከሚረጋበት መጠን በታች ይቀዘቅዛል፥ ዳሩ ግን መንገዱ አጭር ስለ ሆነ ለመርጋት ጊዜ አያገኝም። የሚረጋው አንዳች ነገር በነካ ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለው ዝናም በዚያ ሸለቆ በየክረምቱ የታወቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጥቂት ሰዓት ዘንሞ ያልፋል። በ1953 ዓ.ም. በሞንትሪያል ከተማ ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ወርዶ ትልቅ ጥፋት ተባለ። በ1990 ዓ.ም. ግን ሁለቱ አየሮች ቦታቸውን ሳይለቁ ብዙ ቀን ስለ ቈዩ በሞንትሪያል አካባቢ እስከ 100 ሚሊሜትር ያህል ወረደ። ዝናሙ የወረደበት ሰዓት ሁሉ ቢደመር ከ80 ሰዓት በላይ ሆነ፤ ይህም በሌላ ጊዜ በዓመት ሙሉ ከሚወርደው እጥፍ ያህል ነው።

በመጀመሪያው ቀን የታየው ነገር ውበት ነበር። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ፥ እያንዳንዱ የአጥር ሽቦ ጥሩ መስታወት የለበሰ መሰለ። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቅኔ ይመስላል፤ ሰሙ ጌጥ፥ ወርቁ ሸክም ነውና። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቀጭኑ ሽቦ በበረዶ ተጠቅልሎ የሕፃን ክንድ ያህል ወፈረ። ሌሊት ሌሊት የዛፉ ቅርንጫፍ ሲሰበር ጠመንጃ እንደሚተኰስ ያህል ይሰማ ነበር። ከዚያም በኋላ ከሩቅ አገር ብርቱውን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመጡት ታላላቅ የብረት ማማዎች ከተሰሉበት ክብደት በላይ ተሸክመው ይጐብጡና ይወድቁ ጀመር። አንዱ ማማ ሲወድቅ ሽቦው ቀጥሎ ያለውን ይጐትታል፤ ያም ሦስተኛውን ይጐትታል፤ እንዲህ እያለ በአንድ መስመር ያሉት ሁሉ እንደ ሰልፈኛ ተራ በተራ በግንባራቸው ተደፉ። 1000 ያህል የብረት ማማዎች ወደቁ፤ የእንጨቱ ምሰሶ ግን በብዙ አሥር ሺህ ይቈጠራል።

አሁን ስለ እሳቱ ይነገር። የኬቤክ ሰዎች ጥንት ቤታቸውን በእንጨት ምድጃ ያሞቁ ነበር፤ ከዚያም ድንጋይ ከሰልና ዘይት ያነድዱ ነበር። አገሩ ግን ወንዙ ብዙ ነው። በ1955 ዓ.ም. መንግሥቱ በግል ባለ ሀብቶች እጅ የነበሩትን የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ገዝቶ ኢድሮ ኬቤክ ከሚባለው ከመንግሥቱ ማኅበር ጋር አንድ አደረጋቸው፤ ይህም ለፈረንሳይኛ ተናጋሪው ሕዝብ የራሱን ሀብት በራሱ እጅ መያዝ ስለ ሆነ ትልቅ ኵራት ሆነ። ኋላም ከሞንትሪያል 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰሜን በሚገኘው በላ ግራንድ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠራ። ኤሌክትሪኩ ርካሽ ሆነ፤ ጢስ የለበትም፤ አመድ የለበትም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ምድጃውን አፍርሶ በግድግዳው ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገባ። በዚህም ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ አስተዋይ ሰው ሁሉ ያደርገው የነበረ ነገር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን እሳት ትቶ ከአንድ ረጅም ሽቦ እሳት ይቀበል ጀመር። በ1990 ዓ.ም. ግድቡ አልፈረሰም፤ ውሃውም አልጐደለም፤ ከእሳቱ ምንጭ አንዳች አልጠፋም። የተቈረጠው መንገዱ ብቻ ነው።

የልደት በዓል በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን ረቡዕ ዋለ። የኬቤክ ሰዎች የራሳቸውን በዓል አስቀድመው አክብረው ነበር፤ በሞንትሪያል ተቀምጠው የነበሩ ኢትዮጵያውያን፥ ግብጻውያንና ሩስያውያን ግን ልደትን የሚያከብሩት በዚያ ቀን ነበር። ከተማው ከዚያ በፊት ከፊል ጨልሞ ነበር፤ ረቡዕም ዝናሙ አልተወም።

ከሁሉ የከፋው ቀን ዓርብ ጥር 1 ቀን ነው። ሞንትሪያል በወንዝ የተከበበች ደሴት ናት። በዚያ ቀን ወደ ደሴቲቱ ኃይል ከሚያመጡት ታላላቅ መስመሮች አብዛኞቹ ወድቀው ነበር። ከድልድዮቹ ብረት ላይ የሚወርደው የበረዶ ሰሌዳ ሰው ይገድላል ተብሎ ብዙዎቹ ድልድዮች ተዘጉ፤ ከምድር በታች የሚሄደውም ባቡር ቆመ። ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን ሕዝቡ ያላየው ነገር ነበር። የከተማውን ውሃ የሚያጣሩትና የሚገፉት ሁለቱ ታላላቅ ሥፍራዎች ኃይል አጡ፤ በውሃው ማጠራቀሚያ የቀረውም ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚበቃ ነበር። ውሃው ቢቋረጥ ሰው ከመጠማቱ በላይ፥ በየቤቱ ሻማና ምድጃ በሚነድድበት ሰዓት እሳት ቢነሣ ማጥፊያ አይገኝም ነበር። የኬቤክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሉስየን ቡሻርና የኢድሮ ኬቤክ አለቃ አንድሬ ካዬ በየቀኑ በራድዮንና በቴሌቪዥን ቀርበው የተጠገነውንና ያልተጠገነውን ለሕዝቡ ይነግሩ ነበር፤ በዚህም ብዙ ሰው አመስግኗቸዋል። የውሃው ነገር ግን በዚያ ሰዓት በሙሉ አልተገለጠም፤ ሕዝቡ ተደናግጦ በተዘጉት ድልድዮች ላይ እንዳይጋፋ ተብሎ ነው። እረኛ ለመንጋው የጅቡን መምጣት ሊናገር ይገባዋልን ወይስ ዝም ብሎ በሩን ሊዘጋ? ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተቈረጠም። ኃይሉ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ውሃው ስለ ዳነ ዝምታው ጥበብ ተባለ፤ ባይመለስ ኖሮ ግን ሌላ ስም በተሰጠው ነበር።

በየቤቱ የሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። መብራት በጠፋ በሁለተኛው ቀን የቤቱ ግድግዳ ይቀዘቅዛል፤ በሦስተኛው ቀን በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ረግቶ ቧንቧውን ይሰነጥቃል። በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሰው ቤቱን ትቶ ወጣ። አንዳንዱ ወደ ዘመዱ፥ አንዳንዱ ለመጠለያ ወደ ተከፈቱት ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች ሄደ። በዚያ ጊዜ የሰው ክብር ተገለባበጠ። የአያቱን የእንጨት ምድጃ ሳያፈርስ የቀረ፥ በሌላ ጊዜ ኋላ ቀር የሚባል ገበሬ፥ በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ቤተ ሰብ ተቀብሎ አሳደረ። ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡ ጎረቤቶች በአንድ ምድጃ ዙሪያ ወለል ላይ ተኙ።

ከመቀዝቀዝ ይልቅ ብዙዎችን ያታለለው ግን እሳቱ ነበር። በብርድ የተጨነቀ ሰው በውጭ ሥጋ የሚጠብስበትን የከሰል ምድጃ ወደ ቤት አገባ፤ ሌላውም በቤንዚን የሚሠራውን ጄኔሬተር በምድር ቤቱ ውስጥ አስነሣ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ አይታይም፤ ሽታም የለውም፤ ሰውን በራስ ምታትና በእንቅልፍ ይይዘውና ሳይነቃ ይገድለዋል። ይህ በኢትዮጵያም ያልታወቀ ነገር አይደለም። በክረምትና በጥቅምት ብርድ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ የከሰል ማንደጃ አጠገቡ አድርጎ የተኛ ሰው ጧት ሞቶ የተገኘበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ ይህን የሚያነብብ የደብር አባት ለምእመናን ቢያስጠነቅቅበት ከንቱ ድካም አይሆንበትም። በካናዳና በአሜሪካ በዚያ የበረድ ዝናም ምክንያት ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ በዚህ መርዝ፥ አንዳንዶቹ በብርድ፥ አንዳንዶቹም በእሳት ቃጠሎና ከጣራ በመውደቅ ነው።

ከሞንትሪያል በስተደቡብ ሳንት ያሳንት፥ ግራንቢና ሳን ዣን በሚባሉት ከተሞች መካከል ያለው አገር ከሁሉ ይልቅ ስለ ተጐዳ ጥቁሩ ሦስት ማዕዘን ተባለ። ይህ የላም አገር ነው። ላሞቹ የሚታለቡት በኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ላም ደግሞ ካልታለበች ጡቷ ይታመማል። ገበሬዎቹ አንዱን ጄኔሬተር በጋሪ እየጎተቱ ከበረት ወደ በረት፥ ሌሊትም ቀንም እያዞሩ አለቡ፤ የወተቱ ፋብሪካ ቆሞ ስለ ነበረ ግን የታለበው ወተት ብዙው መሬት ላይ ፈሰሰ። በቡሼርቪል ከተማ የሆነው ደግሞ ሊነገር የሚገባው ነው። የከተማው ሹማምንት የባቡሩን ኩባንያ ለምነው አንድ በናፍጣ የሚሠራ ሎኮሞቲፍ ከሐዲዱ አወረዱ፤ ያም ትልቅ ብረት በመንኰራኵሩ አስፋልቱን እያረሰ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ሄዶ መብራት ሰጠ።

የካናዳም መንግሥት ከ15000 የሚበልጡ ወታደሮች ላከ፤ ከኮሪያ ጦርነት ወዲህ የዚያን ያህል ጦር ለአንድ ሥራ አልተሰለፈም ነበር። ሥራቸውም የወደቀውን ዛፍ መቍረጥ፥ ምሰሶ ማንሣት፥ በየቤቱ እያንኳኩ ከቤቴ አልወጣም ያለውን ሽማግሌና አሮጊት መጠየቅ ነበር። ሽቦ የሚጠግኑ ሠራተኞችም ከሌላው የካናዳ ክፍልና ከአሜሪካ መጡ። ቢሆንም መስመሩን ከመጠገን እንደ አዲስ መሥራት ያህል ስለ ሆነ በጥቁሩ ሦስት ማዕዘን ለነበሩት የመጨረሻዎቹ ቤቶች መብራት የተመለሰው ጥምቀት አልፎ ጥር ሊያልቅ ሲል ነው፤ ከአንድ ወር በላይ ጨለማ ሆኖባቸው ቈይቷል።

ጥፋቱን የመረመሩት ሰዎች በመሐንዲሱ በሮዤ ኒኮሌ ስም የሚጠራውን መዝገብ በ1991 ዓ.ም. አወጡ። ከዚያ በኋላ በረጃጅሞቹ መስመሮች መካከል የተለየ ብርታት ያላቸው ማማዎች ተተከሉ፤ አንድ ቢወድቅ ሌላው ሁሉ እንዳይከተል ነው። የሽቦ ነገር እንዲህ በገንዘብና በዕውቀት ይጠገናል። የኤራብል ዛፍ ግን አይጠገንም፤ ከግንዱ ጣፋጭ ውሃ የሚቀዳለት ይህ ዛፍ ለቀጂ የሚደርሰው 40 ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ ነውና፥ በዚያ ሳምንት የተሰበረውን የተከለ ሰው ልጁ እንጂ እርሱ አይቀዳለትም። ሱዛን ኪንግ የሚባሉት የሞንትሪያል ሊቅም በዚያ ወራት እርጉዝ የነበሩትን ሴቶችና ኋላ የተወለዱትን ልጆች ለብዙ ዓመት ተከታትለው መርምረዋል፤ እናቲቱ ያገኛት መከራ በበዛ መጠን በልጁ የአእምሮና የቋንቋ እድገት ላይ ምልክት እንደሚገኝ ጽፈዋል። እነዚያ ልጆች ዝናሙን አላዩትም።

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት 27 ቀን የበረድ ዝናም ደግሞ ወርዶ በኬቤክ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞች መብራት አጡ፤ ነገር ግን ታላላቆቹ ማማዎች ስላልወደቁ አብዛኛው ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ መብራቱን አገኘ። የእንጨቱ ምድጃ ነገር ግን ሌላ መልክ ይዟል። ከ1990 ዓ.ም. መከራ የተነሣ ብዙ ሰው ዳግመኛ ምድጃ አስገብቶ ነበር፤ የምድጃውም ጢስ በዝቶ በክረምት የከተማውን አየር ስላበላሸ የሞንትሪያል ማዘጋጃ ቤት ከ2011 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ጢሱ ከተወሰነው መጠን የሚበልጥ ምድጃ እንዳይነድድ ከለከለ። በዚሁ ሕግ ግን አንድ ነገር ተለይቶ ተጽፏል፤ መብራት ጠፍቶ ከሦስት ሰዓት በላይ የቈየ እንደ ሆነ ማንኛውም ሰው ያለውን ምድጃ ሊያነድድ ይችላል።