ከዓይን ጓዳ የተነበበ፦ የደም ሥር ሥዕል በሕክምናና በሰው መለያ ታሪክ

የሰው ዓይን ብሌን ጥቁር ሆኖ የሚታየው ከውስጡ ብርሃን ስለማይመለስ አይደለም። ብርሃኑ የሚመለሰው በገባበት መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የተመልካቹ ራስ ይጋርደዋል። ይህን ምክንያት አጥርቶ የተረዳውና መላ ያበጀለት ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ መምህር ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነበር። በ1850 መጨረሻ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በኬኒግስበርግ ሳለ፥ ጥቂት ስስ የመስተዋት ቍራጮች ደራርቦ በማዘንበል ብርሃኑን ወደ ሌላ ሰው ዓይን አንጸባረቀ፤ ራሱም በዚያው መስተዋት አሳልፎ ተመለከተ። ኦፍታልሞስኮፕ የተባለው መሣሪያ እንዲህ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ገላ ሳይቀድ ሕያው የደም ሥርን በቀጥታ የሚያይበት ቦታ አገኘ፤ ይኸውም ሬቲና የተባለው የዓይን የኋላ ሽፋን ነው። በእጃችን ጀርባ የሚታየን የደም ሥር በቆዳ የተሸፈነ ነው፤ በሬቲና ላይ ግን ደም ቅዳውና ደም መላሹ ተለይተው፥ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ሲያልፍ እንኳ ይታያል።

በለንደን የነበረው የዓይን ሐኪም ማርከስ ጋን በ1890ዎቹ ዓመታት ያስተዋለው ይህንኑ መሻገሪያ ነው። የደም ቅዳው ግድግዳ ሲደነድን ከሥሩ የሚያልፈውን ደም መላሽ ይጫነዋል፤ ደም መላሹም በዚያ ቦታ ላይ የተቈረጠ ይመስላል። ሪቫ ሮቺ የደም ግፊትን በክንድ ላይ ታስሮ የሚለካውን መሣሪያ ያወጣው በ1896 መሆኑን ስናስታውስ፥ የግፊት ጉዳት በዓይን ውስጥ መነበብ የጀመረው ግፊቱን በቍጥር መለካት ገና ባልተለመደበት ዘመን እንደ ሆነ እንረዳለን።

የዚህ ንባብ ክብደት የታወቀው በ1939 ነው። በአሜሪካ በሜዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ኪት፥ ዋገነርና ባርከር 219 የደም ግፊት ሕሙማንን በዓይናቸው ደም ሥር መልክ በአራት ክፍል መድበው ተከታተሉ። በመጀመሪያው ክፍል ከነበሩት መካከል ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከመቶ 70 ሲሆኑ፥ በአራተኛው ክፍል ከነበሩት የተረፉት ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ሐኪሙ የታማሚውን ዕጣ በብሌኑ ውስጥ አይቶ፥ የሚሰጠው የረባ መድኃኒት ሳይኖረው ወንበሩን ስቦ ይነሣ ነበር። ይህን ሰንጠረዥ ባየሁ ቍጥር የሚታሰበኝ ቍጥሩ ሳይሆን ይኸው ነው።

ከዚህ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1935፥ በኒው ዮርክ የነበሩት ካርልተን ሳይመንና ኢሳዶር ጎልድስታይን የተባሉ ሐኪሞች ሌላ ነገር አስተዋሉ። የሬቲና ደም ሥሮች አወራረድ በማንኛውም ሰው ዓይን ከሌላው የተለየ ስለ ሆነ፥ እንደ ጣት አሻራ ለሰው መለያ ሊያገለግል ይችላል ሲሉ ጻፉ። በ1955 ደግሞ ፖል ታወር ከአንድ ዕንቍላል የተገኙ መንትዮችን መርምሮ፥ በመልክ የሚመሳሰሉት ሰዎች በሬቲና ደም ሥራቸው ግን እንደሚለያዩ አሳየ።

ሐሳቡን ወደ ማሽን የለወጠው አሜሪካዊው ሮበርት ሂል ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1978 ነው። መሣሪያው ዓይን በማያየው ቀይ ዘለል ብርሃን ሬቲናውን በክብ ይዞራል፤ ደም ሥሮቹ ከአካባቢያቸው ይበልጥ ብርሃኑን ስለሚውጡ፥ የሚመለሰው ብርሃን በደም ሥሮቹ ልክ ከፍና ዝቅ ይላል። በ1980ዎቹ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆ ራይስ ከዓይን ወደ እጅ ዞሮ፥ በቆዳ ሥር ያለውን የደም መላሽ መረብ በዚሁ ብርሃን አነበበ፤ ከ2004 ጀምሮ የጃፓን ባንኮች ገንዘብ አውጪውን ደንበኛ በመዳፉ ደም ሥር መለየት ያዙ።

እንግዲህ አንዱ ሥዕል ሁለት ጌቶች አገኘ ማለት ነው። የበር ጠባቂው ማሽን የሚሻው የማይለወጠውን ነው፤ ሐኪሙ የሚሻው የሚለወጠውን ነው። በስኳር በሽታ ሳቢያ በሬቲና ላይ የፈሰሰ ደም ለማሽኑ ንባብን የሚያውክ እድፍ ሲሆን፥ ለሐኪሙ ግን ዋናው ጽሑፍ ነው። በብርቱ ታሞ ደም ሥሩ የተዛባበትን ሰው ማሽኑ «አላውቅህም» ሊለው ይችላል፤ ለምን እንዳላወቀው ግን አይነግረውም። የሬቲና መለያ በሕዝብ ዘንድ ካልተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር፤ ዓይንን ከመሣሪያው አስጠግቶ ማቆየት ከማስቸገሩ ሌላ፥ ሥዕሉ ለአሠሪ የማይነገር ሕመም ይገልጥ ይሆናል የሚል ሥጋት አሳደረ።

ሥጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ በ2018 ታየ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ ባለሥልጣን፥ የስኳር በሽታ በሬቲና ላይ ያደረሰውን ጉዳት ያለ ዓይን ሐኪም ንባብ የሚለይ የኮምፒዩተር ሥርዓት ፈቀደ። መሣሪያው በ900 ሕሙማን ተፈትኖ፥ ጕዳት ካለባቸው ከመቶ 87ቱን፥ ከሌለባቸው ከመቶ 90ዎቹን በትክክል ለይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ከ284 ሺህ በላይ በሆኑ ሰዎች የዓይን ሥዕል የሠለጠነ ኮምፒዩተር፥ የባለ ዓይኑን ዕድሜ፥ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፥ ማጨሱንና የደም ግፊቱን ሊገምት እንደሚችል አሳየ። ወንድነትን ከሴትነት በሬቲና ለይቶ ማየት ለሠለጠነ የዓይን ሐኪም እንኳ የማይቻል ነገር ነው። ታማሚው ለአንድ ጥያቄ የሰጠው ሥዕል፥ ሳይጠየቅ ሌላም ይመልሳል።

ስለዚህ ሥዕሉን ማን እንደሚይዝና ስንት ጊዜ እንደሚነበብ የመጠየቁ ድርሻ የእኛም ሙያ ነው። በአገራችን ለፋይዳ መታወቂያ የሚወሰደው የጣት አሻራ፥ የፊት ምስልና የአይሪስ ምስል ነው። አይሪስ በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል ሲሆን፥ በምስሉ ላይ የሬቲና ደም ሥር አይወጣም። ተመዝጋቢው መጥቶ «ዓይኔን አንሥተውኛል፤ ሕመሜንም አይተውት ይሆን?» ብሎ ለሚጠይቀን ጥያቄ፥ ያ ካሜራ የሬቲናውን ደም ሥር እንዳላነሣ ልንነግረው እንችላለን። በክሊኒካችን ብሌኑን አስፍተን የምናነሣው ሥዕል ግን ሌላ ነው፤ ስለ እሱ ቢጠይቀን መልሳችን እንዲህ አጭር አይሆንም።