ከጋፋት እስከ አዘዞ፦ የሠሪው እጅና የመርማሪው ፊርማ

በጎንደር ከተማ በአዘዞ የሚገኘው የአውሮፕላን ማረፊያ በዐፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል። ስያሜው ለመሐንዲስ ጆሮ የሚስማማ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያቋቋሙት የመድፍ መሥሪያ በአገራችን የቴክኒክ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አለውና። ከዚያ ከወጡት መሣሪያዎች ሁሉ ግዙፉ ሴባስቶፖል በ1850ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ተሠርቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ እስከ መቅደላ ተወስዷል። አውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎች መድፍ የመሥራት ልምድ ስላልነበራቸው ሙያውን የተማሩት እየሞከሩና እየተሳሳቱ ነበር። አሠሪውም፣ መርማሪውም፣ ተቀባዩም ያው ቤተ መንግሥቱ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላንም ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቀችም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የሠራት ይህች አነስተኛ አውሮፕላን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በረረች። ጥቂት ወራት ቆይቶ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። የፀሐይ መብረር የሠሪዎቿን ችሎታ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ሁለተኛ እኅት አልነበራትም። አንድ አውሮፕላን ሠርቶ ማብረር ችሎታን ያሳያል፤ መቶኛው ከመጀመሪያው እንዳይለይ አድርጎ መሥራት ግን ሥርዓትን ይጠይቃል።

ለዚህ ሥርዓት ዓለም አቀፍ መሠረት የሆነው ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። በአንቀጽ 31 መሠረት በዓለም አቀፍ መስመር የሚበር አውሮፕላን ሁሉ፣ የተመዘገበበት መንግሥት የሰጠው ወይም ያጸደቀው የበረራ ብቃት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። በ1941 ዓ.ም. የጸደቀው 8ኛው አባሪ ደግሞ ዝርዝሩን ደነገገ። ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ንድፉ በስሌትና በሙከራ ተፈትኖ ይጸድቃል። ቀጥሎ አምራቹ ድርጅት ራሱ ይመረመራል፤ ይኸውም የንድፍ ሥዕሎቹን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ምንጭ የሚገልጽ መዝገብ እንዳለው፣ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ ተለይቶ መወገዱን፣ የጥራት ተቆጣጣሪውም ከምርት ክፍሉ አለቃ ተጽዕኖ ነፃ መሆኑን ማስረዳት አለበት።

የዚህን ጥብቅነት ምክንያት የጎንደር ደጋ በግልጽ ያሳያል። አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በ18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ በሞቃት ቀንም ይበልጥ ይሳሳል። ስለሆነም አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ያስፈልገዋል። አብራሪው የጭነቱን ልክ የሚወስነው አምራቹ ካዘጋጀውና መንግሥት ካጸደቀው የበረራ መመሪያ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ እውነት የሚሆነው ግን በእጁ ያለው አውሮፕላን ለሙከራ ከበረረው ጋር አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ክብደቱ በትንሹ የጨመረ ወይም ሞተሩ በትንሹ የደከመ አውሮፕላን በቆላው ጠረፍ ጉድለቱ ሳይታወቅበት ሊኖር ይችላል፤ በአዘዞ ግን ተራራው ይጠይቀዋል።

ኢትዮጵያ ይህን የአምራችነት ፈተና በ1979 ዓ.ም. ቀመሰችው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሽዋይዘር ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባገኘው ፈቃድ መሠረት አግ ካት የተባለውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን በአዲስ አበባ እየሠራ «እሸት» ብሎ ሰየመው። ንድፉ የሌላ ነበር፤ እያንዳንዱ አውሮፕላን ከንድፉ ጋር አንድ እንዲሆን የማድረጉ ኃላፊነት ግን የሠሪው ነበር። ፀሐይ ያልደረሰችበት ደረጃ ይህ ነው።

ሥርዓቱ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን ግን አያድንም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ በቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በፊት በነበረው ጥቅምት በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች፣ በአንድ መለኪያ ብቻ እየተመራ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋ የቁጥጥር ሥርዓት በተሳሳተ ንባብ ተነሥቶ ሠርቷል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ከንድፉ ምርመራ ሰፊውን ክፍል ለአምራቹ ለራሱ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ኖሯል። በጋፋት በአንድ ጣራ ሥር የነበሩት ሠሪና መርማሪ በዘመናዊው ፋብሪካ ዳግመኛ ተገናኙ ማለት ነው። ባለሥልጣኑ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ለእያንዳንዱ አዲስ ማክስ የበረራ ብቃት ምስክር ወረቀት የመስጠቱን ሥልጣን ለራሱ ብቻ አደረገ። እርምጃው ተገቢ ነበር፤ የመጣው ግን ከቀብር በኋላ ነው።

ከአዘዞ የሚሳፈር መንገደኛ የአውሮፕላኑን ምስክር ወረቀት አያነብም፤ እንዲያነብም አይጠበቅበትም። በእርሱ ፈንታ ያነበበለት፣ ንድፉን ከሥራው፣ ሥራውን ከመዝገቡ ያመሳከረለት ባለሙያ መኖር አለበት። የዚያ ባለሙያ ደመወዝ ከአምራቹ ካዝና ቢወጣም እንኳ ፊርማው የመንገደኛው ነው።