የዶዮገና ዋና መንገድ፦ አንዲት ትንሽ ከተማ እንዴት ድንበር ላይ ተገኘች?



ስለ ከተሞቻችን ታሪክ ስንናገር ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከመሥራች ነው። ሆሳዕናን ስናነሣ ዋቸሞ የተባለውን ነባር ስም፣ ራስ አባተ ቧያለውን፣ ለከተማዋም ስሟን የሰጠውን በዓል እናስታውሳለን። ቃሉ ራሱ ወደዚህ ይመራናል፤ «ከተማ» ማለት በጥንቱ አማርኛ የጦር ሰፈር፣ የመኳንንት መቀመጫ ነበርና። ዛሬ ላነሣላችሁ የመረጥኋት ዶዮገና ግን በመጻሕፍት ጎልቶ የሚነገር የልደት ታሪክ የላትም። እንዲህ ያሉ ከተሞች በታሪክ ጥናታችን ውስጥ የሚታዩት በካርታ ላይ እንደ ነጥብ፣ በሪፖርት ውስጥ እንደ ወረዳ ስም ብቻ ነው። ይህ ጉድለት ታሪክ ስለሌላቸው የመጣ አይመስለኝም። የምንጠይቃቸው ጥያቄ ለሌላ ዓይነት ከተማ የተዘጋጀ ስለሆነ ነው።

ዶዮገና ከሆሳዕና በስተደቡብ፣ 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት የምትገኝ የከምባታ ደጋ ከተማ ናት። ስሟን የሚጋራው ወረዳ በሰሜንና በምዕራብ ከሐዲያ ዞን፣ በምሥራቅ ከአንጋጫ፣ በደቡብ ከቃጫ ቢራ ጋር ይዋሰናል። ቀድሞም የቃጫ ቢራ አካል ነበር። የዞኑ መቀመጫ ዱራሜ ነው። ለዶዮገና ነጋዴ የቅርቡ ትልቅ ገበያ ሆሳዕና ሲሆን ለዶዮገና ባለጉዳይ ግን የዞኑ መሥሪያ ቤት ያለው ዱራሜ ነው። ጭነቱ ወደ ሰሜን፣ ማመልከቻው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይጓዛል። የከተማዋን ጠባይ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ይህ መለያየት ግን ጥንታዊ አይደለም። ከምባታ «ወማ» በሚባሉ ነገሥታት ይተዳደር በነበረበት ዘመን ከሐዲያ ጋር ጦርነትም፣ ንግድም፣ ጋብቻም ነበረ። ሁለቱን በሰነድ የለየ መስመር ግን አልነበረም። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ስለ ሐዲያና ስለ ከምባታ ባሳተማቸው ጥናቶች የሚያሳየውም ሁለቱም ሕዝቦች መነሻቸው ልዩ ልዩ የሆነ ጎሳዎች ተሰባስበው የሠሯቸው ማኅበረሰቦች መሆናቸውን ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አካባቢው ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሁለቱም ምድር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ሆነ፤ መቀመጫውም ሆሳዕና ነበር። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና የሚሄድ ሰው ወደ ጎረቤት ሕዝብ ከተማ ሳይሆን ወደ ራሱ አውራጃ ዋና ከተማ ይሄድ ነበር። ግብሩም፣ ክርክሩም፣ ጨውና አቡጀዲውም በአንድ መንገድ ላይ ነበሩ።

በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ጉራጌን፣ ሐዲያንና ከምባታን በአንድ ክልል አሰባሰበ። ይህ ክልል ብዙም ሳይቆይ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ተዋጠ። ሐዲያና ከምባታም የየራሳቸውን ዞን ያዙ፤ የዶዮገና ዳርነት በሙሉ ትርጉሙ የተወለደው ያን ጊዜ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተና ሆሳዕና የክልሉ ዋና ከተማ ሆነች። አዲሱ ክልል ከ1984ቱ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ በሉ። ዶዮገና ውስጥ ተወልዶ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ቤቱን ሳይለቅ በሸዋ፣ በክልል 7፣ በደቡብና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ኖሯል። ሆሳዕናም ለእርሱ የአውራጃው መቀመጫ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ዞን ከተማ፣ አሁን ደግሞ የክልሉ መዲና ሆናለች። መንገዱ ግን ያው ነው። እንግዲህ የምከራከረው ይህንን ነው፦ ዶዮገና በድንበር ላይ የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም፤ ድንበሩ በገበያዋና በመንገዷ አጠገብ ኋላ የተሰመረ ነው።

ወደ ገበያው እንግባ። የከምባታ ደጋ በአገራችን ከፍተኛ የሕዝብ ጥግግት ካለባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህን ሁሉ ሰው በጠባብ መሬት ላይ ያቆየው እንሰት ነው። እንሰት ፍቆ ቆጮና ቡላ ማውጣት የሴቶች ሥራ በመሆኑ፣ በገበያ ውስጥ የቆጮውና በኮባ የተጠቀለለው የቅቤው ንግድ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። የእንስሳቱ ተራ የወንዶች ነው። በተለይ የዶዮገና በግ ዝናው ከአካባቢው አልፏል፤ ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ከአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር በመሆን በአርሶ አደሮች ማኅበራት አማካይነት የዘር ማሻሻያ ሥራ ሠርቶበታል። ድንችና ባቄላው፣ ስንዴውም በዚያው አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ከምባትኛና ሐዲይኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። ሁለቱም የደጋ ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች በመሆናቸው ዘመዳማቾች ናቸው፤ አማርኛም እንደ ሦስተኛ መገናኛ ይገባል። የቋንቋ ተመራማሪዋ ኢቮን ትራይስ የከምባታ ሴቶች የአማቶቻቸውን ስም፣ ከስሙ ጋር የሚመሳሰሉ ቃላትንም ጭምር እንዳይጠሩ የሚያደርገውን ባህል አጥንታለች። የአማቷ ስም ከአንድ ሸቀጥ ስም ጋር በድምፅ የሚቀራረብባት ሴት ገበያ መሃል ቆማ ያንን ሸቀጥ በምን ስም ትጠራው እንደነበር መጠየቅ፣ ለእኔ ከብዙ የአዋጅ ቁጥሮች የበለጠ የከተማ ታሪክ ጥያቄ ነው።

ገበያው የእኩልነት ቦታ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም። ሸክላ ሠሪዎቹ «ፉጋ» በሚል የንቀት ስም ሲጠሩ፣ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። ድስታቸው በየቤቱ ይገባል፤ እነርሱ አይገቡም። የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይህን ገጽ በፍጥነት ሲያልፉት አያለሁ። የከምባታና የሐዲያ ድንበር ብዙ ወረቀት ሲያስጽፍ፣ በአንድ ገበያ ውስጥ ያለው ይህ ሌላው ድንበር ግን በካርታ ላይ ስለማይሰመር ክርክርም ሳይነሣበት ቆየ።

የመንገዱ ዳር ቤቶች የሌላ ዘመን ሰነድ ናቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም ፈጠረ። የትናንሽ ከተሞቻችን መሃል ለረጅም ጊዜ የቆርቆሮ ጣሪያና የጭቃ ግድግዳ ይዞ የቆየው በድህነት ብቻ አይደለም፤ የተከራየው የቀበሌ ቤት የእርሱ ስላልሆነ አያድሰውም፣ ቀበሌውም ከኪራዩ አነስተኛነት የተነሣ አያድሰውም።

ከዚያ መንገድ የሚወጣውን ሰው ታሪክም መዘንጋት አይገባም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የከምባታ፣ የሐዲያና የወላይታ ወጣቶች ለሸንኮራ ቆረጣ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዱ ነበር፤ በኋላም መተሐራ ተጨመረ። ለመስቀል ይመለሳሉ። ከምባታው «መሳላ»፣ ሐዲያው «ያሆዴ» የሚለው በዓል በአንድ ወቅት በመዋሉ፣ በመስከረም የሁለቱም ተመላሾች በአንድ መናኸሪያ ይወርዳሉ። ከበዓሉ ሌላ የከተማውን ድምፅ የለወጠው ወንጌላዊ ክርስትና ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሆሳዕና የደረሰው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቢባረርም፣ በየመንደሩ የተተከሉት ጉባኤዎች በአገሬው ሰዎች እጅ በረቱ። የአካባቢው ከተሞች መሃል ከጠጅ ቤት ይልቅ ሻይ ቤት የሚያይልበት፣ የእሑድ ጠዋት ዝማሬ ከመኪና ጥሩምባ የሚበልጥበት ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

የቅርብ ዘመኑ መንገድ ከወንጂ ይርቃል። ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ የሚነሣው ወጣት በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያመራል። ደረጀ ፈይሳ ስለ ሐዲያ ስደት ባደረገው ጥናት ድህነት ብቻውን ይህን እንደማያስረዳ፣ ፖለቲካውና ሃይማኖታዊው ተስፋም እንደሚገቡበት አሳይቷል። የስደቱ ገንዘብ በትናንሾቹ ከተሞች ዋና መንገድ ላይ በሲሚንቶ ግድግዳና በመስታወት በር ይታያል። የማይታየውም አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ የዞን ድንበር ትርጉም የለውም፤ ደላላውም፣ ተጓዡም፣ ገንዘብ አበዳሪ ዘመዱም ከሁለቱም ወገን ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ለታሪክ ባለሙያዎች ምን ችግር ይፈጥራል? ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የአካባቢ ታሪክ የተጻፈው በአብዛኛው በብሔር ነው፦ የከምባታ ታሪክ፣ የሐዲያ ታሪክ። ይህ ጽሕፈት ቀድሞ የተናቀውን ድምፅ በማስነሣቱ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ እኔም ተጠቃሚ ነኝ። ሆኖም አባቷ ሐዲያ፣ እናቷ ከምባታ የሆነች የዶዮገና ቅቤ ነጋዴ በየትኛው መጽሐፍ ትገባለች? በመታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍ አንዱን እንድትመርጥ እንደተገደደች ሁሉ፣ በእኛም የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ እንድትመርጥ ተገዳለች። ወሰን ሲያከራክር ደግሞ እነዚሁ መጻሕፍት ማስረጃ ሆነው ይቀርባሉ፤ በሁለቱም በኩል የኖረው ሰው ግን በአንዱም ውስጥ ምስክር ሆኖ አይገኝም።

በዚህ አዳራሽ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ከዋናው መንገድ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። የቀበሌ ቤቶችን የኪራይ መዝገብና የንግድ ፈቃድ ፋይሎችን ጠይቁ፤ በየጊዜው መዋቅር ሲለወጥ ከቢሮ ቢሮ ሲዘዋወሩ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። ከዚያ አስፋልት ከመምጣቱ በፊት ቆጮ ተሸክመው ገበያ የወጡትን እናቶች አነጋግሩ። ከየት ተነሥተው የት እንዳደሩ፣ በማን ቤት እንዳደሩ፣ ያ ቤት ዛሬ በየትኛው ዞን እንደሚገኝ በዝርዝር መዝግቡ። ሲያነጋግሯችሁም በየትኛው ቋንቋ እንደጀመሩና የት ላይ ወደ ሌላው እንደተሻገሩ መጻፉን አትርሱ።