የአፈር ባክቴሪያ የስያሜ ታሪክና የሀብሩ ማሳ

በወልድያ፣ በመርሳና በጠቅላላው የሀብሩ ወረዳ ያለ ገበሬ የጤፍና የማሽላ ማሳውን በጥራጥሬ ማፈራረቁ ከአባቶቹ የወረሰው ልማድ ነው። የልማዱ ምስጢር በሳይንስ የተገለጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው። ጀርመናውያኑ ሄልሪጌልና ቪልፋርት በጥራጥሬ ሥር ላይ የሚታዩት እባጮች የአየር ናይትሮጅንን ለተክሉ ምግብ እንደሚያደርጉ አስረዱ። በ1888 የሆላንዱ ቤይሪንክ ባክቴሪያውን ከእባጩ ለይቶ አራባ፤ በ1889 ፍራንክ ሪዞቢየም ሲል ሰየመው።

ስም ማውጣቱ ቢቀልም ዘመዱን ከባዕድ መለየቱ አስቸጋሪ ነበር። ባክቴሪያ በማጉያ መነጽር ሲታይ ከበትር መሰል ቅርጹ በቀር ብዙ ምልክት አይሰጥም። ስለዚህ በ1932 ፍሬድ፣ ባልድዊንና ማኮይ ባሳተሙት መጽሐፍ የአተር፣ የቦሎቄ፣ የአኩሪ አተር እየተባለ በአስተናጋጁ ተክል ተመደበ። ይሁን እንጂ አንዱ ባክቴሪያ የሌላውን ምድብ ተክል ሥር ሲያሳብጥ በመታየቱ ዘዴው እምነት አጣ።

መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ዙከርካንድልና ፓውሊንግ በ1965 እንዳስገነዘቡት፣ ሁለት ፍጡራን ከአንድ ግንድ ከተለያዩ ወዲህ በጂናቸውና በፕሮቲናቸው ውስጥ ለውጥ ይከማቻል፤ ልዩነቱ በበዛ ቁጥር ዝምድናው ይርቃል። አንድን አሚኖ አሲድ የሚያመለክቱ የጂን ቃላት ከአንድ በላይ ስለሆኑ ጂን ተለውጦ ፕሮቲኑ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። በመሆኑም ፕሮቲን ለሩቅ ዝምድና፣ ጂን ደግሞ ለቅርቡ ይመረጣል። በ1977 ዎዝና ፎክስ የራይቦሶምን አር.ኤን.ኤ. በማነጻጸር የባክቴሪያን የዘር ሐረግ አወጡ። ይህ ጂን 1,500 ያህል ፊደላት ብቻ ያሉትና ቀስ ብሎ የሚለወጥ በመሆኑ የቅርብ ዘመዶችን አይለይም፤ ስለዚህ ሌሎች ጂኖች፣ በመጨረሻም ሙሉው የዘር መዝገብ ተጨመሩ።

አገራችንም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በ2013 ከደቡብ ኢትዮጵያ የጥላና የመኖ ዛፎች ሥር የተገኙ ሦስት የሜሶሪዞቢየም ዝርያዎች ተሰየሙ፤ አንዱ አቢሲኒኬ፣ ሌላው ሐዋሴንሴ፣ ሦስተኛው ሾኔንሴ ይባላል። በ2007 ከቦሎቄ ሥር የተለየ ባክቴሪያ ደግሞ በመጀመሪያ ከሜክሲኮው ሪዞቢየም ኤትሊ ጋር ተመድቦ ቆየ። ከ6 ሚሊዮን በላይ ፊደላት ያሉት የዘር መዝገቡ ሲነበብ ግን ተመሳሳይነቱ አንድን ዝርያ ለመባል ከሚጠየቀው ከ95 እስከ 96 በመቶ በታች ሆነ፤ በ2017ም ሪዞቢየም ኤትዮፒኩም ተባለ።

ሆኖም የዘር ሐረግና ሙያ አንድ አይደሉም። ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በ1995 በኒውዚላንድ እንዳሳዩት፣ ሥርን የማሳበጥና ናይትሮጅንን የማዘጋጀት ጂኖች በጅምላ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። የተጣራ ስም የዘመድን ማንነት ይነግራል እንጂ ለሥራው ዋስ አይሆንም።

ይህ ለሀብሩ ገበሬ የክርክር ጉዳይ አይደለም። የባክቴሪያ ማዳበሪያ ገዝቶ ከሽምብራ ዘሩ ጋር ሲቀላቅል የሚያስይዘው የአንድ ወቅት አዝመራውን ነው። መሐንዲስ ብረትን በፋብሪካው ስም ብቻ እንደማይረከብና ጥንካሬውን እንደሚፈትን ሁሉ፣ ባክቴሪያውም በቅድሚያ በጂኑ ሊታወቅ፣ ቀጥሎም እዚያው ሲሪንቃ በሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከልና በገበሬው ማሳ ላይ ሊፈተን ይገባዋል።