ከእኩያ ላለመለየት የተዋሸ ውሸት

በምዕራቡ ዓለም ለአፍላ ወጣቶች ታስቦ የሚጻፍ፣ ራሱን የቻለ የልብ ወለድ ዘርፍ አለ፡፡ ብዙዎች የዘርፉ ፈር ቀዳጅ አድርገው የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመውን የኤስ. ኢ. ሂንተንን “ዘ አውትሳይደርስ” (ባይተዋሮቹ) ነው፡፡ ደራሲዋ መጽሐፉን የጻፉት ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ነበር፡፡ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፡፡ ተማሪው ከእኩዮቹ ላለመለየት ሲል ምን ያህል ይዋሻል? ውሸቱስ የትኛውን ጓደኛ ያሳጣዋል?

ጥያቄው የአሜሪካ ልጆች ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ጄን ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙትን “የተረት ነጋሪዋ ዶቃዎች” ልንለው የምንችለውን ልብ ወለድ ቢያነብ መልካም ነው፡፡ ደራሲዋ ልጅነታቸውን በማጂ ያሳለፉ የሚሲዮናውያን ልጅ ናቸው፡፡ ታሪኩ የትምህርት ቤት ሳይሆን የስደት ነው፡፡ ፀሐይ ቅማንት ናት፤ ዓይነ ስውሯ ራሔል ደግሞ ቤተ እስራኤል፡፡ ፀሐይ “ቡዳ ናቸው” ሲባል እየሰማች ስላደገች ራሔልን ትፈራታለች፡፡ ሱዳን ድንበር ላይ ወንዶቹ እንዲመለሱ ሲደረግ ግን ሁለቱ ልጃገረዶች አብረው መጓዝ ግድ ይሆንባቸዋል፡፡ ያን ጊዜ ፀሐይ የሰማችውን ወይም በዓይኗ ያየችውን ከማመን አንዱን መምረጥ አለባት፡፡

ይህ ስደት የፈጠራ ብቻ አይደለም፡፡ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው “ዘመቻ ሙሴ” 8,000 ገደማ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወስደዋል፡፡ በመንገድና በመጠለያ ያለቁትም በሺዎች ይቆጠራሉ፡፡

በዚያ ዓመት እኔ ጎንደር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፡፡ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፡፡ አልጀብራ ያስረዳኝ እሱ ነው፡፡ እናቱም ቤታቸው ንፍሮ አቅርበውልኛል፡፡ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ልጆች ከበቡኝና “እነሱ ቤት ትበላለህ አሉ፤ እውነት ነው?” አሉኝ፡፡ “በስመ አብ! እኔ?” አልኩ፡፡ ለካ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል፡፡ ምንም አላለኝም፡፡ በማግስቱም እንደወትሮው አልጀብራውን አስረዳኝ፡፡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቦታው ባዶ ሆነ፡፡ ቤተሰቡ በሌሊት ወደ ቆላ መውረዱን የሰማሁት ቆይቶ ነው፡፡

በኋላ ሕግ ሳጠና፣ ሐሰተኛ ምስክርነት የሚያስቀጣው በፍርድ ሂደት ሲሰጥ መሆኑን ተማርኩ፡፡ የእኔን የሚጠይቅ አንቀጽ አላገኘሁም፡፡

ከዓመታት በኋላ በሰሊጥ ውል ክርክር ምክንያት መተማ ዮሐንስ ወረድኩ፡፡ ከተማዋ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያ በተደረገው ጦርነት የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጠሪያ ናት፡፡ ከድልድዩ ማዶ ጋላባትን እያየሁ ያስታወስኩት ግን ንጉሡን ሳይሆን ያን ልጅ ነው፡፡

ያ ቆላ ዛሬም ከስደት አላረፈም፡፡ በ2011 ዓ.ም. ከቅማንት የማንነት ጥያቄ ጋር በተያያዘ በተነሳው ግጭት በአካባቢው ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል፡፡ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያባረራቸው በመተማ በኩል ገብተዋል፡፡ እንዲህ ባለ ቦታ የሚማር ልጅ “ከእነሱ ጋር ትውላለህ አሉ፤ እውነት ነው?” መባሉ አይቀርም፡፡

ለዚያ ልጅ በገዛ ቋንቋው፣ የገዛ አገሩን የሚያሳይ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊጻፍለት ይገባል፡፡ ልብ ወለድ ግጭት አያስቆም ይሆናል፡፡ እኔ ግን በ15 ዓመቴ አንድ እንኳ አንብቤ ቢሆን ኖሮ፣ “አዎ፣ በልቻለሁ” ማለት እንደሚቻል አውቅ ነበር፡፡