ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያስተማሩ አባት

በኢዮቤልዩ በዓል ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ያለፈውን ዘመን ወደ ኋላ ተመልሰው ይመለከታሉ። መሠረቱን ያኖሩት፣ ጕልላቱን ያቆሙት፣ ደወሉን የሰጡት ሰዎች ስማቸው ይነሣል፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን በሕንፃው ውስጥ ቆሞ የሚጸልየውን ሰው ያነጸው መምህር ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይቀራል፤ የእርሱ ሥራ በድንጋይ ላይ አይጻፍምና። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ዕብራውያን በላከው መልእክቱ የእግዚአብሔርን ቃል ያስተማሩትን ማሰብ እንደሚገባ አስተምሯል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ተማሮችን በዕረፍታቸው ወራት ሰብስበው ስላስተማሩት ስለ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ፣ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ ስለ ነበሩት አባት ነው። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

በቀድሞ ዘመን የሕፃናት ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን የተለያዩ አልነበሩም። ሕፃኑ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቈጥራል፤ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ግብረ ሐዋርያትን ካለፈ በኋላ ዳዊት ይደግማል። ሲመሽም ከመምህሩ አፍ የቃል ትምህርት ይቀበላል። ከዚያም ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይሻገራል። ለዚህ ተማሪ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚባል ጊዜ አልነበረውም፤ ቀኑም ሌሊቱም የትምህርት ነበረ።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹም መምህራን ከግብፅ የመጡ የቅብጥ ክርስቲያኖች ነበሩ። ይህ ዘመናዊ ትምህርት ለሀገር ብዙ ጥቅም ሰጠ፤ ሆኖም ተማሪው ቀኑን ለቋንቋና ለሒሳብ ሲያውል ለሃይማኖቱ ትምህርት የተረፈው ማታና የዕረፍት ቀን ብቻ ሆነ። የኔታ ከደጁ ተቀምጦ ቢጠብቅም ደቀ መዝሙሩ ወደ ሌላ ደጅ ሄዷል። እንግዲህ የተረፈውን ሰዓት የሚሰበስብ፣ ተማሪውን ባለበት ፈልጎ የሚያገኝ መምህር ያስፈልግ ነበር።

ይህ ፍላጎት ይልቁንም ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ጸና። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ተገደሉ። የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወረሰ። በትምህርት ቤት እግዚአብሔር የለም የሚል ፍልስፍና ይሰጥ ነበር፤ የተማረ ወጣት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መታየቱም እንደ ኋላ ቀርነት ይቈጠርበት ነበር። ብዙ ሽማግሌዎች በዚያን ጊዜ የተማረው ልጅ ጠፍቷል ብለው ተስፋ ቈርጠው ነበር።

አቡነ ጎርጎርዮስ ግን ተስፋ አልቈረጡም። በወሎ የተወለዱት እኒህ አባት በ1971 ዓ.ም. የጵጵስና ማዕርግ ተቀብለው በሸዋ ሀገረ ስብከት ተሾሙ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በሐይቁ ዳር በምትገኘው በዝዋይ ከተማ፣ በሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ካህናት የሚሠለጥኑበትን ሥራ አጸኑ። ዝዋይ ለዚህ ሥራ የተገባች ስፍራ ነበረች፤ በሐይቁ ደሴቶች ላይ ከጥንት ጀምሮ ገዳማት አሉና፤ አባቶችም በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ወደዚያ ተሰዳ እንደ ነበረ በትውፊት ይናገራሉ። በመከራ ዘመን ሃይማኖት የተጠለለባት ሐይቅ ዳግመኛ መጠለያ ሆነች።

ክረምት በገባ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሮች ትምህርታቸው ይዘጋል። ሌላው ወደ ዘመዶቹ ሲበተን ጥቂቶቹ በእኒህ አባት ጥሪ ወደ ዝዋይ ይሄዱ ነበር። በዚያም የሃይማኖትን ምሥጢር፣ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓትና ታሪክ ይማራሉ፤ ከገዳሙም ሰዎች ጋራ ይጸልያሉ። ሊቀ ጳጳሱ ለእነዚህ ልጆች ትምህርት መስጠትን ከማዕርጋቸው በታች አድርገው አልቈጠሩትም። ልጆቹ የያዙትን ዘመናዊ እውቀት እንዲተዉ አላዘዟቸውም፤ ሐኪሙ ሐኪም፣ መሐንዲሱ መሐንዲስ ሆኖ ሳለ ቤተ ክርስቲያኑን እንዲያውቅና እንዲያገለግል አስተማሩ እንጂ። የሥራቸው ብልኀት እዚህ ላይ ነው።

ደግሞም ተማሪው ክረምቱ አልፎ ሲመለስ ባዶ እጁን እንዳይሆን መጻሕፍትን ጻፉ። «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ» የሚባለው መጽሐፋቸው ታወቀ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ይነበባል። ግእዝ ያልተማረ ወጣት የአባቶቹን ታሪክ በሚሰማው ቋንቋ አነበበ።

ሐምሌ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. አቡነ ጎርጎርዮስ በመኪና አደጋ በድንገት ዐረፉ። ወራቱ ክረምት ነበረ፤ ተማሮቻቸውን የሚሰበስቡበት ወራት። ሥራው ገና ጅምር ስለ ነበረ ከመምህሩ ጋራ የሚቀበር ይመስል ነበር።

ነገር ግን እንዲህ አልሆነም። በሚከተለው ዓመት፣ በ1983 ዓ.ም.፣ መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሮችን ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ላከ። በዚያ በረሃ የተገናኙት ክርስቲያን ወጣቶች በአንድነት ይጸልዩ ጀመር። መንግሥቱ ተለውጦ ወደ ትምህርታቸው ከተመለሱ በኋላ በየቅዱሳኑ ስም ተለያይተው የነበሩት የተማሮች ማኅበራት በ1984 ዓ.ም. አንድ ሆኑ፤ የአንዱን ቅዱስ ስም ከሌላው ሳያስበልጡም ማኅበረ ቅዱሳን ተባሉ። በዚህ አንድነት ውስጥ የዝዋይ ተማሮች ነበሩበት። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚደረገው የግቢ ጉባኤ የዚያ የክረምት ዘር ፍሬ ነው። እርግጥ ነው፣ ሌሎችም አባቶችና መምህራን በዚያ ዘመን ደክመዋል፤ የአንዱ መመስገን የሌሎቹን ድካም አያስረሳም።

መምህርን ማክበር ማለት ምን እንደ ሆነ ቀደም ብሎ የነበረ ምሳሌ አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይጨርሱ ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ለዚያ ሥራ ሰጡ፤ እርሳቸውም መጽሐፉ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ደስታ ተክለ ወልድም ከመምህራቸው ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ትውልድ አንድ ሥራ ፈጸመ። ለመምህር የሚገባው ከፍ ያለ ክብር ይህ ነው፤ የጀመረውን መፈጸም።

በእያንዳንዱ አጥቢያ ደግሞ ስሙ ያልታወቀ መምህር አለ። ቀን በሥራው ሲደክም ውሎ ማታ ከቤቱ ይልቅ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚመጣ፣ አሥር ልጆች ቢጠብቃቸው ሦስቱ ብቻ የሚመጡለት፣ ለሦስቱም እንደ ብዙ ጉባኤ ተዘጋጅቶ የሚያስተምር ነው። ካህናት ይባርኩት፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በሰዓቱ ይላኩለት፤ ምእመናን የወንበሩንና የመጽሐፉን ወጪ ይሸፍኑለት። ከሞተ በኋላ ከሚደረግለት ብዙ ምስጋና በሕይወቱ ሳለ አንድ ልጅ ቢጨመርለት ይበልጥበታል።

እግዚአብሔር የአቡነ ጎርጎርዮስን ነፍስ ከቅዱሳን አባቶች ጋራ ያሳርፍ፤ ዛሬም ለሚያስተምሩት ብርታትን፣ ለሚማሩትም ማስተዋልን ይስጥ። አሜን።