ከዘንግ ወደ ገመድ፦ ከብት የመጫን ታሪክ በአሜሪካ

ከመካከላችን ከብት ሲነዳ ሳያይ ያደገ ጥቂት ነው። እረኛው ያፏጫል፣ ጅራፉን ያጮኻል፣ መንጋው ይሄዳል። ከብትን መኪና ላይ ማውጣት ግን ሌላ ጣጣ ነው። በምንኖርባት አሜሪካ ይህ ሥራ የራሱ ታሪክ ስላለው በአጭሩ ልናወጋችሁ ወደድን።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ጆሴፍ ማኮይ የተባለ ነጋዴ በካንሳስ ግዛት፣ አቢሊን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከሐዲዱ አጠገብ በረት አሠራ። ከቴክሳስ በእግሩ የተነዳው ከብት እዚያ እየደረሰ በባቡር ወደ ቺካጎ ይጫን ጀመር። ጫኞቹ ረጅም ዘንግ ይዘው እምቢ ያለውን እየወጉ ፉርጎ ውስጥ ይከቱት ነበር። «ካውፓንቸር» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። በመንገድ ላይ የሚደርሰው ሥቃይ ስለበዛም ኮንግረስ በ1873 ሕግ አወጣ። ይኸውም ከብት ወርዶ ሳይበላ፣ ሳይጠጣና ሳያርፍ ከ28 ሰዓት በላይ በባቡር እንዳይጓዝ የሚከለክል ነው።

በ1906 በዴንቨር ታላቁ የከብት ትርኢት በድንኳን ተጀመረ። ዛሬም እዚያ ኮርማዎች በቡድን የሚወዳደሩበት ክፍል «ካርሎድ» ይባላል፤ የአንድ ፉርጎ ጭነት ማለት ነው። ከብቱ አሁን በመኪና ተሳቢ ቢመጣም ስሙ አልተለወጠም።

የተለወጠው አያያዙ ነው። ለትርኢት የሚሄድ ከብት በዘንግ አይጫንም። የተወጋ ቆዳ ያብጣል፤ የደነገጠ ወይፈንም ዳኛ ፊት ረግቶ አይቆምም። ስለዚህ ባለቤቱ ከጥጃነቱ ጀምሮ ራሱ ላይ ገመድ አግብቶ መታሰርንና መሳብን ያስለምደዋል። ከጉዞው ቀን አስቀድሞም ተሳቢው ላይ እያወጣ፣ እያወረደ ያለማምደዋል።

ምክንያቱን አብራርታ ያስረዳችው ቴምፕል ግራንዲን ናት። ራሷ ኦቲዝም ያለባት ይህች ምሁር በ1970ዎቹ በአሪዞና ከብቱ በሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ገብታ፣ በከብቱ ዓይን ቁመት ተመለከተች። ከብቱን የሚያስቆመው እልህ አልነበረም፤ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ፣ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ኮት፣ የጨለመ መግቢያ ነበር። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ መወጣጫው ከ20 ዲግሪ በላይ አይቁም፤ ወለሉ አያንሸራትት፤ የተሳቢው ውስጥ ብርሃን ይኑረው፤ ጫኙም አይጩህ። ከብቱ ወደ ፊት እንዲሄድ ከተፈለገ ነጂው ከትከሻው ኋላ በኩል ይቁም።

አገር ቤት ከብት አይሱዙ ላይ ሲወጣ ጅራቱ ሲጠመዘዝ፣ ዱላ ሲወርድበት ያላየን አለን? በስሙ ጠርቶ ያሳደገው እረኛ እንኳ ያን ዕለት ይጨክንበታል። የአፈር መወጣጫ ለመሥራት ግን አካፋና ጉልበት ይበቃል። ከብት የሚያረባ ወይም የሚነግድ ዘመድ ያላችሁ፣ ስልክ ስትደውሉ ይህንንም ንገሩልን።